የተጋጨው ይቆይ

ሲይዙኝ ጠመኔ በእጄ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን፣ አንድ ሐሳብ ከራሱ ጋር ሲጋጭ እንዴት እንደሚጣል ላሳያቸው ሰሌዳውን በግማሽ ሞልቼው ነበር። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው ጠመንጃውን እንደ ጃንጥላ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ "መምህር፣ አንድ ጊዜ እንፈልግሃለን" አለኝ። ድምፁ የጨዋ ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ይህችን መስመር ልጨርስ?" አልኩት። ሰሌዳውን አየት አደረገና "ስትመለስ ትጨርሳታለህ" አለኝ። ሳልጨርሳት ይኸው አረጀሁ።

ቀይ ሽብር በየከተማው የተፋፋመበት ዓመት ነው። አዋሳ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቀበሌው እስር ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝ ሰዎች ከኋላዬ ጠመንጃ ሲያዩ ሰላምታቸውን መልሰው ዋጡት። እኔ ኪሴ ውስጥ የከተትኳትን ጠመኔ በጣቶቼ እያሻሸሁ ሄድኩ። ለወትሮውም ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እናቴ "ይህ ልጅ በእግሩ ውስጥ ጉንዳን አለ" ትለኝ ነበር።

እስር ቤቱ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የበቆሎው ሽታ አልለቀቀውም፣ በላዩ ላይ ከሐይቁ በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣበታል፣ በዚያ ላይ የሃያ ሦስት ሰው ላብ። ከሁሉ በላይ ግን ያስጨነቀኝ አባ ኮዳ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉትን አንጀት በልተው የጠገቡት እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች ጣሪያችን ላይ ይመጡና ይንጎራደዳሉ። ቆርቆሮው ከራሳችን በላይ ጧ፣ ጧ ይላል። ቀስ ያለ፣ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው እርምጃ ነው። ሃያ ሦስታችንም ወሬ አቁመን ወደ ላይ እናያለን። አሞራ መሆኑን እያወቅን እናያለን። እኔ እስከ ዛሬም ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ማደር አልወድም።

በሁለተኛው ቀን የቀበሌው ካድሬ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ከእኔ ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ የነበረ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ። ጠረጴዛው ላይ ከቤቴ ያመጧት ቀጭን መጽሐፍ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ያስተማረኝ አንድ የውጭ አገር መምህር አገሩ ሲገባ የተወልኝ ናት። ገጾቿ ከፊደል ይልቅ በምልክት የተሞሉ ናቸው።

"ይህ የማን የምስጢር ጽሑፍ ነው?" አለኝ።

"ጓድ፣ ምስጢር አይደለም፣ ሎጂክ ነው።"

"ጓድህ አይደለሁም። ስለ ምንድን ነው?"

ምን ብዬ ላስረዳው? መጽሐፏ የምትለው ባጭሩ ይህ ነው። የለመድነው ሎጂክ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን አይችልም። "ዝናብ ዘንቧል" እና "ዝናብ አልዘነበም" የሚሉትን ሁለቱንም የተቀበልክ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ማናቸውንም ነገር ለመቀበል ትገደዳለህ። እኔም ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ "ሁለቱን ከተቀበላችሁ አህያ ይበራል የሚለውንም ተቀበሉ!" እያልኩ አስቃቸው ነበር። መጽሐፏ ግን፣ ሰዎች ተሰብስበው ሲወያዩ ቃላቸው መጋጨቱ ስለማይቀር፣ ለውይይት የሚሆን ሌላ ዓይነት ሎጂክ የሠሩ ሰዎች አሉ ትላለች። እኔ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ትመስለኝ ነበር። ለካድሬው ግን "ሰዎች ሲወያዩ ቃላቸው ቢጋጭ ምን ይደረጋል የሚል ነው" አልኩት።

ሳቀ። "ተቃርኖ ማለትህ ነው። ተቃርኖማ የእኛ ሳይንስ ነው። ሎጂክ ካወቅክ ጥሩ፣ የቤቱን ውይይት ቃለ ጉባኤ አንተ ትይዛለህ" አለና እስክሪብቶና አንድ ደብተር ወረወረልኝ።

የቤቱ ውይይት የሚባለው ይህ ነው፦ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር እስረኛው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንድ ሰው ለምን እንደታሰረ ይናገራል፣ ሌላው ያውቀው እንደሆነ ይመሰክራል ወይም ያጋልጣል። ቃለ ጉባኤው ለካድሬው ይሄዳል። በመጨረሻው ላይ "የቤቱ የጋራ ድምዳሜ" የሚል ቦታ አለው፣ በአንድ መስመር የሚሞላ። ከዚያች መስመር ተነሥቶ የማን ስም ወደ በላይ አካል እንደሚተላለፍ ይወሰናል። ስማቸው የተላለፈ ሰዎች ጠዋት ይጠራሉ። ተመልሶ የመጣ አላየንም።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አንተ ግን በእጅህ ልትናገር ነው" አለኝ አጠገቤ የሚተኛው ልብስ ሰፊ። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፣ የአራት ልጆች አባት። ሲያወራ ጣቶቹ የማይታይ ጨርቅ ያጥፋሉ። የመጣሁ ቀን የተቀደደ የሸሚዜን ኪስ አይቶ መርፌ ስለሌለው ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው።

ተራው የደረሰው ረቡዕ ነው።

"ሱቄ ውስጥ የመንግሥት ጠላት ወረቀት ተገኘ አሉ" አለ። "ወረቀቱ መጠቅለያ ነው። አሮጌ ወረቀት በኪሎ እገዛለሁ፣ የሰፋሁትን እጠቀልልበታለሁ። በመሐሉ አንዲቷ የተከለከለች ኖራለች። እኔ የማነበው ቁርአን ነው፣ የአማርኛ ፊደል ለፊርማ ያህል ነው የማውቀው።"

ሦስት ሰዎች ይህንኑ መሰከሩለት። አንዱ ሱሪውን፣ አንዱ የልጁን ዩኒፎርም በእንዲህ ያለ ወረቀት ጠቅልሎ እንደሰጣቸው ተናገሩ። ነገሩ መልካም ሄዶ ነበር። ከዚያ ድሬሰሩ እጁን አወጣ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ለሰው የሚያዝን ስለሆነ ሊረዳው ፈልጎ ነው የተናገረው።

"እውነቱን ነው። የእኔንም ነጭ ጋዋን በእንዲያ ዓይነት ወረቀት ነው የጠቀለለልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሱቁ ሄጄ ወሰድኩ፣ ከሰዓት በፊት።"

ልብስ ሰፊው ደነገጠ። "ቅዳሜ? ቅዳሜ ሱቄ ዝግ ነበር፣ ወንድሜ። ለቅሶ ገጠር ሄጄ ነበር።"

"ኧረ ክፍት ነበር። ጋዋኔን አንተው ነህ የሰጠኸኝ።"

"ዝግ ነበር።"

ያ ቅዳሜ፣ ገበያው ውስጥ የተከለከለው ወረቀት የተበተነበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ሱቁ ከነበረ፣ በተኑ ከተባሉት መሐል ነው። ድሬሰሩ ደግሞ ያን ቀን ገበያ ጋዋኑን ሊወስድ ካልሄደ፣ የት እንደነበረ ይጠየቃል፤ የቆሰለ ሰው ሊያክም ሄዷል ተብሎ ነው የተያዘው። እያንዳንዳቸው ሕይወታቸውን በዚያች ቅዳሜ ላይ አንጠልጥለውታል። ከሁለት አንዱ ቃሉን ቢያነሣ ራሱን ይጥላል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ስም ካልጻፍኩ ማንንም አልነካሁም ብዬ የሁሉንም ቃል ያለ ባለቤት በአንድ አንቀጽ ደረደርኩት። ወረቀቱ መጠቅለያ መሆኑ ተነግሯል፣ ሱቁ ቅዳሜ ክፍት እንደነበር ተነግሯል፣ ዝግ እንደነበር ተነግሯል። ድምዳሜው ላይ "ቤቱ ከላይ ያለውን ተወያይቷል" ብዬ ዘጋሁ። ንጹሕ ጽሑፍ ነበር። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር፣ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሐሙስ ጠዋት ካድሬው ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እዚህ ቤት ውስጥ ያለው አፍ አንድ ነው፣ እሱም ይዋሻል" አለ። "ሱቁ ክፍትም ነው፣ ዝግም ነው። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ መጠቅለያ ነው ያላችሁትን ለምን አምናለሁ? ክፍትም ዝግም የሆነ ሱቅ ውስጥ መትረየስ ነበር ብል ማን ይከለክለኛል?" ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም እንዴ፣ መምህር? ሎጂክህ ምን ይላል?"

ሎጂኬ ያንኑ ይላል። አህያው በረረ። ተማሪዎቼን ያሳቅኩበት አህያ፣ ሰው ጭኖ በረረ።

ልብስ ሰፊውን ይዘውት ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ መለሱት። ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር።

ካድሬው እንዲህ ብሎን ሄዷል፦ "ቅዳሜ እንደገና ትወያያላችሁ። የጋራ ድምዳሜ በአንድ መስመር እፈልጋለሁ። ሰኞ ዝርዝሩ ይሄዳል።"

ያን ቀንና ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘጠኝ እርምጃ ነው፣ የተኙትን ሰዎች እግር ካልረገጥክ። ዘጠኝ ሄጄ ዘጠኝ እመለሳለሁ። ከላይ አባ ኮዳው ይሄዳል፣ ከታች እኔ። "ኧረ መምህር፣ አንድ አሞራ ይበቃናል!" ብሎ አንዱ ቢቆጣኝ ጊዜ ልቀመጥ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጠመኔዋ ኪሴ ውስጥ ታሽታ ታሽታ ዱቄት ሆናለች።

ድሬሰሩ ተከትሎኝ መጣና "ቃሌን ላንሣ? ቅዳሜ አልነበረም፣ ተሳስቼ ነው ልበል?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ከዚያስ ቅዳሜ የት ነበርክ ቢሉህ?"

ልብስ ሰፊው በተኛበት ሆኖ ሰምቶን ኖሯል። "ተወው፣ አታንሣ" አለው። "አንተ የምታውቀውን ነው ያልከው። እኔም የማውቀውን ነው ያልኩት።" ከዚያ እግሩን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ወደ ሌላ ጎን አዞረው። ሰውየው እንዲያ ሆኖ ሰው ያጽናናል፣ እኔ በደህና እግሬ እንጎራደዳለሁ። አፈርኩ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከሐይቁ ማዶ የመጡ የሲዳማ ሰው ናቸው። የታሰሩት የመሬት ጠብ በሶንጎ፣ ማለትም በአገሬው ሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ዳኝተዋል ተብሎ ነው፤ ፍርድ የገበሬ ማኅበሩ ሥራ ነው ተብሎ። ሲናገሩ አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፣ ዝምታቸው ግን ረጅም።

"አስተማሪ፣ ና ተቀመጥ" አሉኝ። "አንተ ስትሄድ እኔ ደከመኝ።"

ተቀመጥኩ።

"ማንኛው ነው የዋሸው ይላሉ፣ አባቴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ቅዳሜ እኔ እዚያ የለሁም። አንተ ነበርክ?"

"አልነበርኩም።"

"ታዲያ ምን ያጣድፍሃል?"

"ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉማ!"

"አይችሉም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ቅዳሜ ይቆያል። ወረቀቱ ምን አጠፋ?"

እሳቸው ከተቀመጡበት ሰሌን ላይ ሁለት ሰበዝ መዘዙ። አንዱን እግራቸው ሥር፣ ሌላውን እኔ እግር ሥር አኖሩት።

"ይሄ የእኔ ቃል ነው። ይሄ የአንተ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሰው ሲናገር ቃሉ እፊቱ ይቀመጣል። የእኔን አንስቶ ከአንተ ጋር የሚያስር ሰው፣ እሱ ነገር አበላሸ። የታሰረው የማን ቃል ነው? የእኔ አይደለም። የአንተ አይደለም። ማንም ያልተናገረው ቃል ነው።"

ያን ጊዜ ያደረግኩት ገባኝ። ስም ያልጻፍኩት ሰው ላድን ብዬ ነው፤ ግን የሁለት ሰው ሰበዝ አንድ ላይ አስሬ፣ ማንም ያልተናገረውን ቃል ለሃያ ሦስት ሰው አጎረስኩት። "ክፍትም ዝግም ነው" ያለ ሰው እኮ በዚያ ቤት አልነበረም። አንዱ ክፍት ነው አለ፣ አንዱ ዝግ ነው አለ።

ሽማግሌው አልጨረሱም። "ሁለት ሰው በላም ተጣሉ። አንዱ በክረምት ሰጠሁ አለ፣ አንዱ በበጋ ሰጠኸኝ አለ። ላሟ ቀይ ናት፣ ሁለቱም ቀይ ነው ያሉት። ክረምትና በጋው ተጣላ ብለን ላሟን ጥቁር እናድርጋት?"

ሳቅኩ። ከታሰርኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር። ያቺ ቀጭን መጽሐፍ በምልክት ክምር ልትነግረኝ የፈለገችው ይህንኑ ነው። የተወያዮች ቃል ለየባለቤቱ ነው፣ አይጨፈለቅም። ስላልተጨፈለቀም ከግጭቱ ሁሉ ነገር አይፈልቅም። ግጭቱ ካለበት አይወጣም፣ ያልተጋጨውም እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ይዣት የዞርኩትን መጽሐፍ አንድ ሽማግሌ ከሰሌን በመዘዙት ሰበዝ አስነበቡኝ።

"ያ የቆየው መቼ ይነሣል?" አልኳቸው።

"ሁለቱም ባለቃል ሲኖሩ። አንዱ በሌለበት አይነሣም። ያ ስርቆት ነው።"

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ክብ ሠራን። ሽማግሌው ውይይቱን እኔ ልክፈት አሉና፣ በየተራ ሁላችንንም አይተው በአገራቸው ቋንቋ "አፊኒ?" አሉ፤ ሰምታችኋል ወይ፣ አብረን ነን ወይ እንደማለት ነው። ሲዳምኛ የሚያውቁት መለሱላቸው፣ የማናውቀውም ራሳችንን ነቀነቅን።

እኔ ደብተሩን ከፍቼ "ዛሬ የእያንዳንዱን ቃል በስሙ ነው የምጽፈው። ያልፈለገ ይንገረኝ" አልኩ። ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

"ጻፍ" አለ ልብስ ሰፊው። "የራሴን ቃል በራሴ ስም።"

"እኔንም ጻፈኝ" አለ ድሬሰሩ።

ጻፍኩ። አንዱ በአንድ ገጽ፣ ሌላው በሌላ ገጽ። ልብስ ሰፊው ሱቄ ቅዳሜ ዝግ ነበር ብሎ ፈረመ። ድሬሰሩ ክፍት ነበር ብሎ ፈረመ። ስለ መጠቅለያው የመሰከሩት ሦስቱ፣ ድሬሰሩ አራተኛ ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው በየቃላቸው ሥር ፈረሙ። ሽማግሌው የውይይቱ ምስክር ሆነው ቀለም አስነክተው አውራ ጣታቸውን አኖሩ። "የቤቱ የጋራ ድምዳሜ" የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ላብ በላብ ሆኗል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ስለ ቅዳሜ ሁለት ቃል ሰምተናል፣ አልተስማማንም፣ ይቆይ። ወረቀቱ መጠቅለያ ስለመሆኑ ግን የሰማነው ሁሉ አንድ ነው፣ አልተጋጨም።" በእሱ ሥር የራሴን ስም ጽፌ ፈረምኩ።

እሑድ ጠዋት ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ዓሣ የተጫነ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል።

"ድምዳሜው የታለ?"

"እሱ ነው።"

"ይህ ድምዳሜ አይደለም። 'ቤቱ ውሸታም መሆኑ ተረጋግጧል' ብለህ ጻፍ።"

"እንዲያ ያለ ሰው የለም።"

"እኔ ነኝ የምለው!"

"እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት። በስምዎ።"

ከአፌ ያመለጠኝ ነው፤ ጀግና ሆኜ አይደለም። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። አነሣሁት፣ ክዳኑን ገጥሜ ደብተሩ ላይ አጋደምኩት። ከታሰርኩ ጀምሮ እጄ ሳይንቀሳቀስ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካድሬው ለረጅም ጊዜ እጄን አየው። ከዚያ ተነሥቶ በጥፊ መታኝ፣ እስክሪብቶውን ግን አልነካውም። ስሙን ሊጽፍ አልደፈረም።

ሽንት ቤቱ አጠገብ ወዳለች ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። በርካታ ቀን ቆየሁ። እርምጃዋ ሁለት ስለሆነ መንጎራደድም አይቻልም። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ግን በቆርቆሮው ስንጥቅ ጓሮውን አየሁ። የተጠሩት አራት ነበሩ። ልብስ ሰፊው አልነበረበትም። ድሬሰሩ ነበረበት።

በሩ ላይ ቆመ። ነጩን ጋዋን አጥፎ በእጁ ይዞታል። ዘወር ብሎ ወደ መጋዘኑ ውስጥ "ቃሌ ያው ነው!" አለ። ደህና ዋል እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ከውስጥ የልብስ ሰፊው ድምፅ መለሰለት፦ "የእኔም ያው ነው፣ ወንድሜ!"

ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

ያ ቃለ ጉባኤ ልብስ ሰፊውን አዳነው አልልም። ድሬሰሩንም ገደለው አልልም፤ እሱን የያዙት በሌላ ነገር ነው። ግን ስሙን በራሱ እጅ የፈረመበትን ገጽ ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፌ ይሸሻል። አንድ ነገር ሲደረግ ምክንያቱን ማግኘት ሥራዬ ነበር፤ ይህ ግን እምቢ ብሎኛል። ሁለቱንም ይዤ መኖር ለመድኩ፤ መልካም ነገር አድርጌያለሁ የሚለውንም፣ በድያለሁ የሚለውንም።

ልብስ ሰፊው ከሰባት ወር በኋላ፣ እኔ ከዓመት በኋላ ተፈታን። ሽማግሌውን ደርግ ከወደቀ በኋላ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። "አስተማሪ፣ አሁንም ትሄዳለህ?" አሉኝ። እሄዳለሁ አልኳቸው። አሁንም እሄዳለሁ። የዕድራችን ሊቀ መንበር "በአንድ ድምፅ ተስማምተናል" ሲል ተነሥቼ ካልወጣሁ አይሆንልኝም። ሰዎች ሽማግሌ ነው፣ ሽንቱ ነው እያሉ ያልፉኛል።

ባለፈው ክረምት ሱሪ ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ሱቁን አሁን ልጁ ነው የሚሠራበት፣ እሱ ግን ከልማድ አይወጣምና ደጃፉ ላይ አሮጌ የስፌት መኪናውን ይዞ ይቀመጣል። እግሩ ክረምት ሲገባ ያመዋል፣ ፔዳሉን በአንድ እግሩ ነው የሚረግጠው። ሱሪዬን እየተኮሰ ሳለ፣ ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ቀና ብሎ በዝግታ ጀመረ።

"ያን ቅዳሜ እኮ መምህር፣ እውነቱን ልንገርህና ሱቄ..."

አርባ ምናምን ዓመት ያቺን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ክፍት ይሁን ዝግ፣ አንዷን ብቻ።

"እሱ በሌለበት አይሆንም" አልኩት።

አፉን እንደከፈተ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘጋው። ራሱን ነቀነቀ፣ ካውያውን አነሣ፣ ወደ ሱሪዬ ተመለሰ። ሲጨርስ በላስቲክ ከረጢት ልጁ ሊከትልኝ ሲል አስቆመውና ከመኪናው ሥር አሮጌ ወረቀት አውጥቶ በወረቀቱ ጠቀለለልኝ።